የመሃል መኪና

ፆታዬ የተቀየረው ወደ ጎርጎራ በሄድንበት ክረምት ነው። እስከዚያ ድረስ፣ እሑድ እሑድ እየተሰባሰብን ጭቃና ኮረኮንች ላይ መኪና በምንነዳበት ማኅበር ውስጥ «አንቺ» ነበርሁ። አንቺ መሃል ግቢ፣ አንቺ ቀስ በይ፣ አንቺ ተይው እኔ ልንዳልሽ። የዚያን ዕለት የጉዞ መሪያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለ ጋራዥ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ጥቁር አፈር ላይ ማጥ ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው የነበሩት ሁለት መኪኖችም ተከትለው ሰመጡ። እኔ ወረድሁና መሬቱን በእግሬ ረጋገጥሁት። በግራ በኩል ሣሩ ጠበቅ ብሎ ሥር የያዘበትን መርጬ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳልፈጥንም ሳልቆምም አለፍሁ። ከማዶ ሆኜ ሦስቱንም በገመድ ጎትቼ አወጣኋቸው። ጋሼ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አንተ! ወንድ ነህ እኮ!» አሉኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ «ና፣ ና፣ ቀኝ ያዝ፣ እንዳትለቀው!» እየተባልሁ መንዳት ጀመርሁ።

ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ጭቃውን ስታጠብ ብቻዬን እስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው እርር ድብን እላለሁ። ጎበዝ ነሽ ማለት አቅቷቸው ነው እኮ! ጎበዝነትን ከሴት ጋር ማስማማት ሲከብዳቸው፣ እኔን ወንድ አድርገው ተገላገሉ። እኔ ደግሞ ሹመት የተሰጠኝ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ዞርሁ።

መሃል ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልናገር። ሰባት መኪና በሰልፍ ሲሄድ ከፊት መንገድ የሚያውቅ ሰው ይሆናል፣ ከኋላ ደግሞ የሰመጠን ጎትቶ የሚያወጣ። ሴት መሃል ትገባለች። ለደኅንነቷ ነው ይላሉ፤ ለክብሯ ነው ይላሉ። የማይነግሩሽ ነገር ቢኖር፣ በጥቁር አፈር ላይ ከመሃል የከፋ ቦታ አለመኖሩን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መኪኖች ላይ ላዩን በደረቀው ቅርፊት ያልፋሉ። ሦስተኛው ቅርፊቱን ይሰብረዋል፣ አራተኛው ቦይ ይቆፍርበታል፣ አምስተኛው እቦዩ ውስጥ ይገባል። የኋለኞቹ ቆመው የሆነውን ካዩ በኋላ ሌላ መስመር ይመርጣሉ። ስለዚህ የምትሰምጠው ሴቷ ናት። ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፍረው፣ ተከተይ ብለው አስገብተውሽ፣ ከዚያ ወገባቸውን ይዘው «ሴትና መሪ!» እያሉ ይስቃሉ። እኔ በመጀመሪያው ክረምቴ ሦስት ጊዜ ሰምጫለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አምስተኛ ነበርሁ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሐይቁ ዳር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልጅ ሳለሁ ሴት ወደማትገባበት ደሴት ቤተሰቡን ይዘው ሲሻገሩ፣ ወንድሞቼ ወደ ገዳሙ ሲወጡ እኔ ከእናቴ ጋር ጀልባው ላይ እቀር ነበር። ዛሬም በዚያ ላይ ክፉ አልናገርም፤ አባቶች የሠሩት የገዳም ሥርዓት ነው። እኛ የምንነዳበት የቆጋ መስኖ ጭቃ ግን ገዳም አይደለም። ማን ባርኮት ነው ሴት ከፊት አትሂድበት የሚባለው? አባቴ ራሳቸው እንኳ መኪናዬ ውስጥ ሲቀመጡ እጀታውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘው ዳዊት ይደግማሉ እንጂ፣ ቀስ በይ ብለውኝ አያውቁም።

አንዲት ልጅ ወደ ማኅበሩ የመጣችው እኔ አንተ ከተባልሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከሐዋሳ ለሥራ የመጣች የሰብል ባለሙያ ናት። አሮጌ፣ ትንሽ፣ ነጭ ሱዙኪ ነበረቻት። አነዳዷን ገና በመጀመሪያው ቀን ወደድሁላት፤ ነዳጅ አታባክንም፣ ፍሬን ላይ አትንጠለጠልም፣ ያላወቀችውን መሬት ወርዳ ትረግጣለች። እኔን «እህቴ» ትለኛለች። አለቃዋም የማኅበሩ አባል ነበር።

መሥሪያ ቤቷ መርዓዊ ላይ ክፍት የመስክ ሥራ ቦታ አውጥቶ ነበር። ቆጋ ላይ ድንችና ስንዴ የሚያለሙ ገበሬዎችን እየዞረ የሚከታተል ሰው ይፈለጋል። እሷ ቦታውን ከልቧ ትፈልገው ነበር። ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ማኅተም መምታት ሊገድለኝ ነው ትለኝ ነበር። ትምህርቷም ልምዷም ይበቃል። አለቃዋ ግን «በክረምት ማን ይነዳልሻል?» አላት። «ራሴ» አለችው። «እንግዲያው እሑድ እናያለን፤ ካለፍሽ ቦታው ያንቺ ነው» አላት። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ከሷ በፊት በዚያ ቦታ ላይ የነበረው ሰውዬ እኮ መንጃ ፈቃድ እንኳ አልነበረውም! ሾፌር ተመድቦለት ከኋላ ወንበር ላይ እያንቀላፋ ነበር የሚሄደው። ጭቃ ላይ ና ልፈትንህ ያለው አልነበረም።

ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ከከተማ ለመውጣት ሁለት ጊዜ አናስብም። እሑድ ጧት ሁሌ የምንገናኝበት ሻይ ቤት በር ላይ ተሰበሰብን። አስፋልቱ ደርቋል፤ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ጋሼ ተራ ደለደሉ። ለእኔ የመጨረሻውን ሰጡኝ፤ ኋላ ጠባቂ ሆንሁ። ሴት ያን ቦታ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበርሁ፤ በነሱ ቋንቋ ግን ሴት አልነበርሁም። ልጅቱን አምስተኛ አደረጓት።

ሻዬን ይዤ እንደቆምሁ ወደኔ መጣች። «እህቴ፣ ለጋሼ አንድ ነገር ንገሪልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የኔ መኪና ቀላል ናት፣ ሆዷም ዝቅ ያለ ነው። ከባዶቹ መንገዱን ሳይቆፍሩት ሁለተኛ ሆኜ ልለፍ። እኔ ብናገር ፈራች ይሉኛል፤ አንቺን ግን ይሰሙሻል።»

ልክ ነበረች። አንድም የተሳሳተችው ነገር የለም። እኔ ግን የዚያን ዕለት የተሰጠኝን ቦታ አየሁና ሳስቼ ያዝሁት። ገና አንድ ሰዓት ሳልቆይበት የሴት ጉዳይ ይዤ ብቀርብ፣ ተመልሼ አንቺ እንዳልባል ፈራሁ። «ዝም ብለሽ ተከተይ» አልኋት። «እኔም ከመሃል ነው የጀመርሁት።» እሺ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች። እኔም ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

መርዓዊን አልፈን፣ የመስኖውን ቦይ ዳር ዳሩን ይዘን፣ ወደ ዱርቤቴ አቅጣጫ በሚወጣው የገበሬ መንገድ ገባን። ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ነበር። ከሁለት የስንዴ ማሳዎች መካከል ጥቁሩ አፈር ተንጣሎ ጠበቀን። ጋሼ አለፉ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ሲወዛወዝ ቆይቶ ወጣ። አራተኛው አለቃዋ ነበር። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ጭቃውን ሰማይ እየረጨ፣ ከጉልበት በላይ የሚጠልቅ ሁለት ቦይ ቆፍሮ አለፈና ከማዶ እጁን አውለበለበ። አቤት ጀግንነት!

እሷ አቆመች። ወረደች። በግራ በኩል ያለውን ሣር ረገጥ ረገጥ አድርጋ በዚያ ልለፍ ብላ በእጇ አሳየች። ጋሼ ከማዶ ጮኹ፦ «ምን ትጠብቂያለሽ! መስመሩን ይዘሽ ነይ!» አለቃዋ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል። ተመልሳ ገባችና መስመሩን ይዛ ሄደች። ከአሥር እርምጃ በኋላ የሱዙኪዋ ሆድ መሬት ነካ፤ ጎማዎቿ ቦዩ ውስጥ ተንጠለጠሉ።

አልደነገጠችም። ነዳጅ አልረገጠችም። ወደኋላ አንድ ክንድ፣ ወደፊት አንድ ክንድ፣ በቀስታ ታንቀሳቅሳት ጀመር። እኔ ብሆን የማደርገው እሱኑ ነበር። ወዲያው ግን ከማዶም ከወዲህም ተሯሩጠን ደረስንባት። ሁሉም ባንድ ላይ ይጮኻል። ቀኝ ያዥ፣ ግራ ያዥ፣ ርገጭ፣ አትርገጭ። በዚያ ጫጫታ መሃል «ውረጅ! ለወንድ ስጭው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እጇን ከመሪው አነሣች። በሩን ከፍታ ጭቃው ውስጥ ወረደች። ሦስተኛውን መኪና የነዳው ጎረምሳ ገባና ነዳጁን ረገጠው። አራቱም ጎማ ባዶውን ተሽከረከረ፤ መኪናዋ እስከ በሯ ድረስ ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ገበሬዎች አካፋ ይዘው መጥተው፣ ድንጋይና ቅጠል እየጎዘጎዙ፣ ስንት ሰዓት ደክመው አወጧት። በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድም ሰው የቀበራት ጎረምሳው ነው ሲል አልሰማሁም።

ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት። አለቃዋ ቪዲዮውን ቢሮ ውስጥ ለሁሉም አሳየባት፤ ስብሰባ ሲጀመር ሳይቀር እሱን አይተው ይስቁ ነበር አሉ። ማኅበሩን ተወችው። ቆይቶ መኪናዋንም ሸጠች ሲሉ ሰማሁ። እኔ ይህን ታሪክ ለስንቱ አወራሁት! ወንዶች ምን ያህል ግፈኞች እንደሆኑ ለማስረዳት ባሰብሁ ቁጥር የማነሣው ይህንን ነበር። «ለወንድ ስጭው» ላይ ስደርስ ድምፄን አጎርንኜ የአለቃዋን አነጋገር አስመስለው ነበር። እሱ እንደተናገረው እርግጠኛ ነበርሁ።

አሁን መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ከከተማ ወጣ ማለት ከቀረ ቆይቷል፤ መኪኖቻችን በየግቢያችን ሸራ ለብሰው ቆመዋል። የማኅበሩ ሰዎች ሥራ ሲፈቱ ቴሌግራም ላይ የድሮ ጉዞ ይለጥፋሉ። ባለፈው ሳምንት አለቃዋ ያንን ቪዲዮ አምጥቶ ለጠፈው። «የድሮ ትዝታ» ብሎ፣ ሥሩ በሳቅ የሚያለቅሱ ፊቶችን ደርድሮበታል። ገና ሳላየው፣ ዛሬስ አልምርህም ብዬ መልስ መጻፍ ጀመርሁ። የቀበራት ማን እንደሆነ፣ ቦዩን የቆፈረው ማን እንደሆነ፣ ለወንድ ስጭው ያለው ማን እንደሆነ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ልነግረው። ቃል እንዳላሳስት ቪዲዮውን ከፈትሁት።

መጀመሪያ ያየሁት የኋላ ጎማዋን ነው። ይዞ ነበር። የሣሩን ጠርዝ ነክሶ እየወጣ ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ቢሰጧት ትወጣ ነበር። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። «ውረጅ! ለወንድ ስጭው!» የሴት ድምፅ ነው። በዚያ ማሳ ላይ ከሷና ከእኔ በቀር ሴት አልነበረችም። መልሼ ከፈትሁት። በሦስተኛው ስከፍተው ራሴንም አየሁት፤ ከመኪናዋ ኋላ ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍሁ፣ ከወንዶቹ ሁሉ ጎልቼ እጮኻለሁ። ከዚያ ደግሞ እስቃለሁ። ስልኩን ወረወርሁት። በራሴ ላይ የተናደድሁትን ያህል በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም፤ ጀምሬው የነበረው መልስም ሳይላክ ቀረ።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤቷ ሄድሁ። ባለጉዳይ በሚስተናገድበት ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ማኅተም ትመታለች። ተራዬን ጠብቄ ፊቷ ቆምሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዳወቀችኝ ከዓይኗ ገባኝ።

«ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኋት።

«ለየትኛው?»

ሌላም አለ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ቪዲዮውን እንዳየሁ፣ ለወንድ ስጭው ያልሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ይህን ያህል ዘመን በሰው ሳሳብብ እንደኖርሁ ተንተባትቤ ነገርኋት። እስክጨርስ ድረስ ማኅተሙን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«እሱንማ ያኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «ጭቃ ላይ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ይናገራል። ለእሱ አልተቀየምኩዎትም። ጧት ሻይ ቤቱ በር ላይ ግን የደነገጠ ሰው አልነበረም። ሻይዎን ይዘው፣ በእርጋታ ነው የመለሱልኝ።»

 ከኋላዬ የቆመው ባለጉዳይ በትከሻዬ አሻግሮ ወረቀቱን ዘረጋላት። ተቀበለችውና ማኅተሟን አነሣች።