ሰባት ቀሚስ የለበሰች ባክቴሪያ

ጓደኛዬ ለሁለተኛ ዲግሪ ከመሄዱ በፊት መተማ ላይ ከእኔ ጋር ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። ያኔ እኩል ነበርን። እኩል ከስተን፣ እኩል ጠቁረን፣ ጠመኔው በላባችን እየቦካ ሊጥ ሆኖ እጃችን ላይ ይቀር ነበር። በአንድ ነገር ብቻ እበልጠዋለሁ፤ ሰው በማሳቅ። እሱ ቀልድ ሲጀምር ሰው ሰዓቱን ያያል። እኔ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ድንበር ማዶ ገላባት ድረስ ይሳቃል።

ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ለእረፍት መጣ። ፍሪጅ ውስጥ እንደከረመ ቲማቲም ፊቱ ለስልሶ ነበር። ሳየው ደረቴ ላይ አንድ ነገር አቃጠለኝ። የጠጣሁት የከርከዴ ሻይ ኮምጣጣነት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

የምንሰባሰበው ሰሊጥ ነጋዴው ሐጂ ሱቃቸው ፊት በእንጨትና በሣር ባቆሙት ራኩባ ጥላ ሥር ነው። ጓደኛዬ ወንበር ተለቀቀለት። የተለቀቀለት ደግሞ የእኔ ወንበር ነው። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ቅጠል ፎቶ አሳየን፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ እንደ ወረቀት የነጣ።

«ታሞ ነው?» አሉ ሐጂ።

«አልታመመም ሐጂ። አንድ ዘረመሉን ዝም አሰኝተነው ነው» አለና ማብራራት ጀመረ።

ዘረመል በተክሉ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ዝም ያሰኙትና ምን እንደጎደለ ያያሉ። ቅጠሉ ከነጣ፣ ያ ትእዛዝ የአረንጓዴው ጠባቂ ነበር ማለት ነው። ዝም የሚያሰኘውን ቁራጭ ተሸክማ የምትገባው አንዲት የአፈር ባክቴሪያ ናት። ይቺ ባክቴሪያ ከጥንትም የራሷን ዘረመል ተክል ውስጥ መክተት ታውቅበታለች። ጎጂ ሸክሟን አውርደው የእነሱን ያሸክሟትና፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቅጠሉ ጀርባ በኩል ገፋ ያደርጓታል። ለጊዜው የሚሠራው በላብራቶሪ ተክል ላይ ነው፤ ሕልሙ ግን ሰሊጥ ነው። ፍሬው ሳይሰበሰብ አፉን ከፍቶ ዘሩን የሚያፈሰው በየትኛው ትእዛዝ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ምን እያለ ነው?»

ዙፋኔ ተመለሰ። «ሐጂ፣ ጠዋት ቀጥና ገላባት ሄዳ ማታ ወፍራ የምትመለሰዋን ሴት ያውቋታል?»

«ቀረጥ ላለመክፈል ሰባት ቀሚስ ደርባ የምትሻገረዋን?»

«እሷ ናት ባክቴሪያዋ። ቅጠሉ ጓዳ ድረስ ገብታ ቀሚሱን እዚያው ታወልቃለች።»

ራኩባው ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። ከሳቁ ብዛት ጎረቤት ያሰረው አህያ ገመዱን በጥሶ ሱዳን ገብቷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸሕዲ ስሄድ ረዳቱ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «መምህር፣ ያ የተማረው ጓደኛህ ምን አለ መሰለህ? ባክቴሪያ ማለት ሰባት ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት አለ። መማር እኮ ደግ ነው።» የገዛ ቀልዴን ለእኔው ነገረኝ፤ ሒሳብም አልማረኝ። ዲግሪው ይሁንለት። ፊቱም ይለስልስለት። ግን ቀልዴን?

ማታ ለባለቤቴ እየተንገበገብኩ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «አንተንም እንደ ቅጠሉ ዝም አሰኝቶ ምን እንደሚጎድል ማየት ነበር» አለችኝ።

ይህን እንደ ሳይንስ ወሰድኩት። ዝም እላለሁ፤ ራኩባው ይነጣል፤ ያኔ የሳቁ ጠባቂ ማን እንደነበር ይታወቃል።

በነጋታው ጥግ ይዤ አፌን ዘጋሁ። ማንም አልነጣም። ጨዋታው ቀጠለ፣ ሻይ ተደገመ። በመጨረሻ ሐጂ አዩኝና አዘኑ። «ጥርሱን አሞታል» አሉና ከሱቅ ቅርንፉድ አምጥተው በእጃቸው አጎረሱኝ። ሽማግሌ ሲያጎርስ እንቢ አይባል፤ ነከስኩት።

ጓደኛዬ ከአብደራፊ ለመጡ ገበሬዎች ሰባቱን ቀሚስ መደርደር የጀመረው ይሄኔ ነው። ቀሚሱን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ ያውም ያለ ለዛ። ገበሬዎቹ ግን ሳቁ። ቅርንፉዱ ይሁን ቅናቱ፣ ምላሴ ደነዘዘ።

ሐጂ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ያልገባቸውን ዕቃ አይገዙም። «ቆይ ልጄ፤ ይሄ ቅጠል ታዲያ እንደ ኬላችን በሩ ላይ ፈታሽ የለውም?»

ጓደኛዬ አፉን ከፈተ። ስለ ተክል መከላከያ አንድ ረጅም ቃል ጀመረ፤ ገበሬዎቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ የመተማ ላብ፣ የድሮው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ዝም ብል ይሰምጥ ነበር። የዝምታ ሳይንሴም ገና አላለቀም። ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ መሬት ላይ ወድቆ ሲቀር ማየት አልችልም። ቅርንፉዱን ወደ ጉንጬ ገፋሁና «ፈታሿማ አለች ሐጂ» አልኩ። «እሷም ከቀሚሶቹ አንዱን ለብሳለች።»

ሐጂ እንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። ገበሬዎቹ ጉልበታቸውን መቱ። ጓደኛዬ ከሁሉም ዘግይቶ ሳቀ፤ ከንፈሩ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ቀልዷን እያጠናት ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እህ፣ ዝም ስትል ምን ጎደለ?» አለችኝ።

«ራኩባው ሊፈርስ ነበር።»

«እዚህ ግን ምንም አልጎደለም። ነገም ድገመው።»

በነጋታው የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ሸሕዲ ሄድኩ። እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ጓደኛዬ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ግን የፈታሿን ነገር ለረዳቱ መንገር ነበረብኝ።