የከዘራው ቦታ

አጎቴ ሞላሌ ከተማ ውስጥ የበግ ጠጉር ባና የምንሠራበት ማኅበር ሰብሳቢ ነበሩ። አዲስ አሠራር ይወዳሉ። ቢፒአር መጣ ሲባል ቀድመው ሠለጠኑ፤ ውጤት ተኮር ሲተካውም እንዲሁ። ካይዘን ሲመጣማ የየዕቃውን ቅርጽ መስቀያው ሥር ግድግዳው ላይ በቀለም ሣሉ፤ የመቀሱን፣ የመወርወሪያውን፣ በመጨረሻም የገዛ ከዘራቸውን። ጠዋት ከዘራቸውን ቅርጹ ላይ ሰቅለው «ዕቃ ሲጠፋ ባዶ ቦታው ይናገራል» ይሉን ነበር።

ሲያርፉ ከዘራውን ለንስሐ አባታቸው ሰጠን።

ዘንድሮ ካይዘንም ቀረና ሌላ አሠራር መጣ፤ ግድግዳው ነጭ ይቀባ ተባለ። አጎቴ ቢኖሩ ብሩሹን በማንሣት የሚቀድማቸው አልነበረም። እኔው መቀባት ጀመርኩ። መቀሱን ቀብቼ አለፍኩ፤ መወርወሪያውን ቀብቼ አለፍኩ። ከዘራው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አጎቴን አይቷቸው የማያውቀው አዲሱ አሠልጣኝ ቀረብ ብሎ ቅርጹን አየና «እዚህ ጋ የጎደለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።