የዳማከሴው ውሃ

እናቴን የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ላይ ያቆሰላት ጫማ ነው። ስኳር ስላለባት ቁስሉ አልድን አለ። ሆስፒታል መድኃኒት ቀያየሩላት፤ በመጨረሻ ሐኪሙ «ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል» አለን። ወደ አዲሱ ገበያ በሚመልሰን ታክሲ ውስጥ «እሱስ ለመደው፤ እኔ ነኝ ያልለመድኩት» አለችና ሳቀች።

ያኔ ከሰፈራችን በላይ ዳገቱ ላይ ባለ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ ተክሎች ላይ የስም ሰሌዳ እተክል ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ የማውቀውን ከስልኬ ነው የተማርኩት። እዚያው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ተመራማሪ ነበረች። የዳማከሴ ቅጠል በተቀቀለበት ውሃ ላይ የሟሟ ብር ትጨምራለች፤ ጌጥ የሚሠራበትን ብር ማለቴ ነው። ብሩ ዓይን ወደማያየው ቅንጣት ሲለወጥ ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ውሃ ቡናማ ይሆናል። ቅጠሉ ብቻውን ያልገደለውን ጀርም ሁለቱ አብረው ይገድሉት እንደሆነ ትፈትን ነበር። የእናቴን ነገር ስነግራት «እስቲ አንዱን ዙር አንተ አዘጋጅ» አለችኝ።

ዳማከሴ ደጃችን ላይ አለ። ቅጠሉን አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ መዘንኩት። ከተመራማሪዋ ያመጣሁትን የተጣራ ውሃ ጀሪካን ጥግ አስቀምጬ «እማዬ፣ ይኼን ውሃ ምንም እንዳይነካው» አልኳት። በማግስቱ ቀቅዬ፣ አጥልዬ ወሰድኩት። ብሩ ሲጨመርበት ቡናማ አልሆነም። እንደ ወተት እጣቢ ነጣ።

ተመራማሪዋ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣችው። «በምን ውሃ ነው የቀቀልከው?»

«በሰጡኝ።»

«ሌላ ውሃ ገብቶበታል። ጨው ያለበት የምንጭ ውሃ እንዲህ ያደርገዋል።»

ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት። አልካደችም።

«ጸበል ጠብ አደረግኩበት። ጎረቤታችን ከእንጦጦ ያመጣችልኝን።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«ለእግሬ አይደል እንዴ? መድኃኒት በባዶ ውሃ ይቀቀላል?»

«አበላሽተሽዋል፤ በቃ» አልኳት። ድምፄን አላነሣሁም። ባነሣው ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ ባለበት በኩል ማለፍ ተወች።

ሁለተኛው ዙር ቡናማ ሆነ። ጀርም በተዘራበት ሳህን ላይ፣ በጠብታው ዙሪያ ጀርም የሌለበት ክብ ወጣ፤ ቅጠሉ ብቻውን ካወጣውም፣ ብሩ ብቻውን ካወጣውም ይሰፋል። ሦስት ጊዜ በማስመሪያ ለካሁት። ተመራማሪዋ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «ሳህን እግር አይደለም» አለችኝ። «ሰው ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። እንዳትቀባት።»

አልቀባኋትም። ገና ሰው እንደማይቀባው ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ በጸበሌ ለምን ተቆጣኸኝ?» አለች።

ወሩ ሳያልቅ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆረጠ።

የተበላሸውን ጠርሙስ አልጣልኩትም ነበር፤ ስህተቴንም ደብተር ላይ መመዝገብ ልማዴ ነው። ዘግቼ ቤት አምጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላት። አንድ ጠዋት ጠራችኝ። የጠርሙሱ ነጭ ዝቃጭ ጠቁሯል።

«ና እየው፤ ቀለሙ መጣ። የእኔኛው ዘገየ እንጂ አልተበላሸም ነበር።»

ጨው የያዘው ብር ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ሌላ ነገር የለውም።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «መጣ።»