ዝናብ ጠሪው ሰርቢሊዮና ኪንዴዋ

ሰርቢሊዮ ማካስን የሚያማ ሰው ቢጠፋ ራሱ ሰርቢሊዮ አለ። «እግዜር አፍንጫዬን ሲሠራ ጭቃ አልቆጠበም፤ ጭንቅላቴ ጋ ሲደርስ አለቀበት» ይላል ለሰማው ሁሉ። ይኸው ሰው ግን በደቡብ ኤኳዶር ደጋ፣ ጓሳ ከለበሰው ተራራ ሥር ባለችው መንደሩ፣ ሠላሳ ዓመት የተከበረ ዝናብ ጠሪ ነበር። ድርቅ ሲጠና ክብሪቱን ይዞ ይወጣል፤ ጓሳውን ይለኩሳል፤ ጭሱ ወጥቶ ደመና ይጎትታል። እሱ ከለኮሰ ዝናቡ ሦስት ቀን አያልፍም። ለምስጋና በየማድቤቱ ጥግ ከሚረባው፣ ኩይ ከሚሉት ጥንቸል መሳይ እንስሳ የሰባው ታርዶ፣ ተጠብሶ ይመጣለታል። ቦርጩ ምስክር ነው።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የሚቃጠለውን ተረተር ሊመርጥ ወጣ። ከንፋስ ሸሽቶ ዓለት ሥር ቁጭ እንዳለ፣ አውራ ጣት የምታህል ወፍ መጥታ ፊቱ ላይ በአየር ቆመች። ኪንዴ የሚሏት የአበባ ማር ቀሳሚ ናት። ከካባው አንድ ቀይ ክር መዛ ወደ ላይ በረረች። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቢያይ ከዓለቱ ጎጆ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ሁለት እንቁላል።

ወፍ አጥኚዎች አምና ይህች ኪንዴ ከዚህ ተራራና ከጥቂት ጎረቤቶቹ በቀር የትም እንደሌለች፣ ያለ ቹኪራጓ አበባም እንደማትኖር ለመንደሩ ተናግረው ነበር። ሰርቢሊዮ እያንቀላፋ ነው የሰማቸው። አሁን ዙሪያውን አየ። ቹኪራጓ እሳት አንዴ ከላሰው ለዓመታት አያብብም፤ አበባ የቀረው ይኸው አንድ ተረተር ነው።

«ወርቅ ፈላጊዎቹ ተራራውን ሊቆፍሩ ገና መሬት ሲለኩ እኔ በክብሪት ጨርሼዋለሁ» አለ ለራሱ። «ጀግና!»

እሑድ በስብሰባው ሊቀመንበሯ ዶኛ ኦርፋ ጠየቁት።

«ዶን ሰርቢሊዮ፣ የላሞቹ አጥንት ወጣ እኮ። መቼ ነው የሚለኩሱልን?»

«አልለኩስም። ወፍ እንቁላል ላይ ተኝታለች።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አበልጁ ኤውክሊደስ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ብድግ አለ። «ለአንዲት ወፍ ላም እንጣ? እሱ ካልፈለገ እኔ እለኩሳለሁ። ክብሪት እንደሆነ ሱቅ ሞልቷል!»

ሰርቢሊዮ ቆቡን አወለቀ። ጎጆዋን የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስሙን ገደል ይከተዋል።

«ብትለኩስም ዝናብ አይመጣም፣ አበልጅ። በእኔም እሳት መጥቶ አያውቅም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዘነበውስ?» አለ ኤውክሊደስ።

«የአማቴ ጉልበት ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሊዘንብ ሁለት ቀን ሲቀረው ያብጣል። እሱን አይቼ ነበር የምወጣው።»

ሚስቱ ባልቢና ከኋላ ተነሣች። «አንተ ሰውዬ! በየጠዋቱ ‹እማማ እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎስ?› ስትል እኔ እኮ ፍቅር መስሎኝ!»

«ያ ሁሉ ኩይ የእሳቸው ድርሻ ነበራ!» አለ ኤውክሊደስ።

«ጥርስ የላቸውም። አግዣቸው ነው።»

ሳቁ ጋብ ሲል ዶኛ ኦርፋ፣ «ታዲያ ላሞቹ ምን ይብሉ?» አሉ።

ከምንጩ ሥር ለምለም አጃ ያለው ሰርቢሊዮ ብቻ ነው። ሁሉም ዞሮ አየው። እሱ ባልቢናን አየ።

«ምን ታየኛለህ? አስገባቸው» አለች። «ለእናቴ ጉልበት ካሳ ይሁን።»

ኤውክሊደስ ክብሪቱን ኪሱ መለሰ። በማግስቱ የመንደሩ ላሞች አጃው ውስጥ ገቡ፤ ቀድማ የገባችው የኤውክሊደስ ላም ነበረች። ዝናቡ የመጣው የመጨረሻው አገዳ ከተጋጠ በኋላ ነው።

ኤውክሊደስ ያችን ጎጆ ሳላይ አልሞትም ብሎ ከስብሰባው በሦስተኛው ሳምንት አበልጁን ተከትሎ ወጣ። ድንጋዩ ላይ ተንጠራርቶ አየና ጮኸ።

«ለዚህ ነው አጃህን ያስበላኸው? ሁለቱ ጫጩቶች ተደምረው አንድ ባቄላ አያህሉም!»

«ቀስ በል፣ አበልጅ» አለው ሰርቢሊዮ በሹክሹክታ። «ታስደነግጣቸዋለህ።»