ልብስ ሰፊዋና ተናካሹ ውሻ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ፣ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች። ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ታስራለች፤ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሜትር ይንጠለጠላል። ደጀን ላይ ከጭነት መኪና ተጥሎ የቀረ ውሻ ሰው ሁሉ ሲሸሸው፣ የሚወስደው እስኪገኝ ላቆየው ብላ ያመጣችው እሷ ናት። ውሻው እጅ ከፍ ሲል ካየ ይናከሳል። አንድ ጎረቤት ተነክሶ፣ መርዝ ይሰጠው እስከማለት ደርሷል።

እሷ ግን ውሻውን አንቱ ትለዋለች። «ይረጋጉ እንጂ፤ ማንም አይመታዎትም።»

ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ይህን ስሰማ ሳቅሁ። «ለውሻ አንቱታ?»

«ሲጮሁበት የኖረ ነው» አለች ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግርዎት እንዴት እንደሚያሳርፍ እኔ አውቃለሁ።» ወዲያው ስለ ሱሪው ርዝመት ጠየቀችኝ።

ትናንት ልወስድ ስመለስ የስፌት መኪናው ቆሟል። ውሻው መርገጫውን በረገጠው እግሯ ላይ አገጩን ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ካመጣችው ጀምሮ ሰው ባለበት ተኝቶ እንደማያውቅ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሱሪው ደረሰ?» አልሁ፣ እኔም በሹክሹክታ።

«አልደረሰም» አለች፣ እግሯን ሳታንቀሳቅስ። «ነገ ይምጡ።»