ረግረጉን ያደረቀው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የጥር አመሻሽ፣ ፀሐይ ከባሌ ተራሮች ጀርባ ልትጠልቅ ስትል፣ ደረቅ ነፋስ የጎባን ቆርቆሮ ጣሪያዎች እያንኳኳ፣ የሰፈራችን ሰው ጋሼ ጌታነህ ቤት ምድጃ ዙሪያ ተሰበሰበ። ጋሼ ጌታነህ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ነበሩ፤ አንደበታቸው ማር፣ እውቀታቸው ግን እንደ ምድጃቸው ጭስ ዓይን ከማስለቀስ በቀር ፋይዳ የሌለው። ያኔ ይህን ማን አስተዋለ? ጥላቸው በፋኖሱ ብርሃን ግድግዳውን ሞልቶ፣ ከሰፈሩ ግርጌ በተንጣለለው ረግረግ ስለሚኖረው ጋኔን ተረኩልን። ጋኔኑ ሣሩንና ቄጠማውን ወደ ታች ጎትቶ ይውጣል፤ የዋጠውን አይመልስም፤ ውኃው በቦይ ካልፈሰሰ ነገ ሰውም ይውጣል።

ከረግረጉ ሥር በሚወጣው ምንጭ ላሞቻቸውን የሚያጠጡት ጎረቤታችን አዴ ከዲጃ ብቻቸውን ሳቁ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ላሞቼ በየቀኑ እዚያ ይጠጣሉ። ጋኔንዎ ላም ይፈራል እንዴ?»

«እርስዎ ስለ ላም ይወቁ፤ የጋኔኑን ነገር ለኛ ይተዉልን!»

«እሺ፤ ምንጬ ሲደርቅ ላሞቼን ተረትዎን አጠጣቸዋለሁ።»

ሰው ሁሉ የሳቀው በአዴ ከዲጃ ነበር። በሳምንቱ ቦይ ተቀደደ። ውኃው ሸሽቶ ጥቁሩ፣ እንደ ስፖንጅ የላላው አፈር ሲገለጥ፣ እነዚያ ብልሆች ገብስ ሊዘሩበት ተሻሙ፤ ስንዴ የታጨደበት ማሳ ይመስል እሳት ለኮሱበት። ገለባ ነዶ ያልቃል፤ ይህ ግን ወደ ታች ነደደ፤ አፈሩ ራሱ ማገዶ ነበርና እስከ ክረምት ጨሰ። ጋሼ ጌታነህም «ጋኔኑ እየወጣ ነው!» ብለው ለራሳቸው አስጨበጨቡ።

ጋኔን! ቄጠማው ከአየር የሳበውን ካርቦን ይዞ ሞቶ ሰጠመ፤ ውኃውም እንዳይበሰብስ ጠብቆ ዘመን ከዘመን አስቀመጠው። በታላቁ ውቅያኖስም ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ሞተው፣ እንደ በረዶ ብናኝ ወደ ጨለማው ጥልቀት እየወረዱ፣ የሰማዩን ካርቦን ይዘው ይቀበራሉ። የዋጡትን አለመመለስ፣ ጋሼ የረገሙት ያ ነገር፣ በረከቱ ነበር። የእኛ ሰዎች ግን የዘመናትን ክምችት በአንድ በጋ ወደ ሰማይ መለሱት፤ ለአንዲት ቁና ገብስ፣ እሷም ላልበቀለችው።

ያ ተረት ዛሬም ቃል በቃል ከአፌ አይጠፋም፤ ውብ ነበር፤ የምንቀውም ሰውን ባታለለበት ውበቱ ነው። ምንጩ ደረቀ። ላሞቹ ተሸጡ። አዴ ከዲጃ ልጃቸው ዘንድ ደሎ መና ቆላ ወረዱ፤ አልተመለሱም።