ባለ ሁለት በሩ ሱቅ

አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን ከተማ የምሠራበት ሱቅ ሁለት በር አለው። ሕጉ መጠጥና ሸቀጥ አንድ ላይ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል መሀሉ ግድግዳ ነው፤ እኔ በመጠጡ በኩል ነኝ። ጋሼ መኮንን ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን ሸቀጡ በር ላይ ያወርዱና «ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ብለው እኔ ጋ ይገባሉ። ትንሽ ጠርሙስ ኡዞ ገዝተው ኮታቸው ውስጥ ይሸጉጡና ጨዋታ ይጀምራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ እትዬ አልማዝ በእኔ በር ብቅ አሉ! ጋሼ ከቢራው ካርቶን ጀርባ ቁጢጥ አሉ።

«እትዬ፣ የሸቀጡ በር በዚያ በኩል ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው። «የምቆየው ካንተ ጋር ሲጫወት ፊቱ ስለሚፈካ ነው እንጂ፣ ሽንኩርት መምረጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል? በል አሁን ከካርቶኑ ጀርባ ይነሣ፤ ጉልበቱን ያመዋል።»